የዕቃው አገር፦ ወደ አዲስ ዓለም የአንድ ቀን ጉዞ



በዛሬው ትምህርታዊ ዝግጅታችን የምንነጋገረው ስለ አንድ ቀን ጉዞ ነው። ማለዳ ከቤቱ ወጥቶ ለራት የሚመለስ ሰው፣ ከዋናው ከተማ ጥቂት ራቅ ብላ በመንገድ ዳር የተቀመጠችን አንዲት ታሪካዊት ከተማ ረጋ ብሎ ቢመለከት፣ ከዚያም በሌላ ቀን ወደ ቅርሳ ቅርስ ሱቅ ጎራ ሲል፣ በመደርደሪያው ላይ የተደረደረውን መስቀል፣ ብራና፣ ጠገራ ብርና ዋንጫ በምን ዐይን ሊያይ እንደሚገባው፣ እንደ ዐቅማችን ለመግለጽ እንሞክራለን። ከተማይቱን ከሱቁ ያስቀደምነው ያለ ምክንያት አይደለም፤ የጥንት ዕቃ የሚናገረው አገሩ ሲታወቅ ነውና፣ ዕቃውን ከመግዛት በፊት አገሩን ማወቅ ይገባል ብለን በሙሉ ልብ ስለምናምን ነው።

አበው ወደ ደብረ ሊባኖስ፣ ወደ ግሸን ማርያም፣ ወደ አክሱም ጽዮን፣ አልፎ ተርፎም ወደ ኢየሩሳሌም ተሳልመው ለመመለስ በእግርና በበቅሎ ሳምንታትና ወራት በሚጓዙበት ዘመን፣ መንገዱ ራሱ ትምህርት ቤት ነበረ፤ በየመንደሩ በእግዚአብሔር እንግድነት እያደሩ፣ ይህ ተራራ ማን ይባላል፣ ይህችን ቤተ ክርስቲያን ማን ተከላት፣ ይህ ፍርስራሽ የማን አዳራሽ ነበረ እያሉ ከባለ አገሩ ይጠይቁ ነበር። ዛሬ በመኪና የሚሮጠው መንገደኛ መነሻውንና መድረሻውን ያውቃል፤ በመካከል ያለው አገር ግን በመስኮት በኩል አልፎት የሚሄድ ሆኗል። ከአዲስ አበባ ተነሥቶ ወደ አምቦ ፍል ውሃ የሚወርደው ሰው እጅግ ብዙ ነው፤ በመካከል ባለችው በአዲስ ዓለም ወርዶ ወደ ኮረብታዋ የወጣው ግን ስንቱ ይሆን?

እስቲ በዚሁ መንገድ አብረን እንሂድ። ቡራዩን አልፈን፣ ለዋና ከተማይቱ የመጠጥ ውሃ ከሚሰጡት አንዱ የሆነውን የገፈርሳን ግድብ ተመልክተን ወደ ምዕራብ ስናቀና፣ በግራችን በኩል የወጨጫ ተራራ በግርማ ቆሞ እናገኘዋለን። በዚህ ተራራ ላይ ያለው የመናገሻ የጥድ ደን፣ በትውፊት እንደሚነገረው፣ በ15ኛው መቶ ዓመት ዐፄ ዘርአ ያዕቆብ በሰሜን ሸዋ ከሚገኘው ከወፍ ዋሻ ዘር አስመጥተው ያስተከሉት ነው። ዛፍ ተክሎ ለልጅ ልጅ የማቆየት ሐሳብ በአገራችን ይህን ያህል ዕድሜ ያለው መሆኑን ልብ እንበል፤ የምንሄድባት ከተማ የተመሠረተችውም፣ ከመናገሻነት የቀረችውም በእንጨት ምክንያት ነውና።

40 ኪሎ ሜትር ያህል እንደተጓዝን ሆለታ እንደርሳለን። ሆለታ በ1927 ዓ.ም. የስዊድን መኮንኖች የሚያስተምሩበት የጦር ትምህርት ቤት የተከፈተባት ከተማ ናት፤ ዕጩ መኮንኖቹ ትምህርታቸውን በወጉ ሳይፈጽሙ ኢጣልያ አገራችንን ስለ ወረረች፣ ከእነዚያ ወጣቶች መካከል በምዕራብ ኢትዮጵያ የጥቁር አንበሳን የአርበኞች ማኅበር ካቋቋሙት ወገን የተሰለፉ ነበሩ። ለሆለታ ብቻ አንድ ሙሉ ቀን ቢሰጣት ይገባታል፤ የዛሬው ጉዟችን ግን ወደ ፊት ነውና ቡናችንን ጠጥተን እንለፍ።

አዲስ ዓለም ከአዲስ አበባ 55 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች፤ ኤጄሬም ትባላለች። ቆርቆሮ ለበስ ቤቶቿን፣ በዋናው መንገድ ግራና ቀኝ የተደረደሩትን ሱቆቿን፣ እህልና ማገዶ የጫኑ አህዮቿን ብቻ ያየ ሰው፣ ይህች ከተማ በአንድ ወቅት የኢትዮጵያ ዋና ከተማ ልትሆን ታስባ የተቆረቆረች መሆኗን ከቶ አይጠረጥርም።

ነገሩ እንዲህ ነው። የቀድሞ ነገሥታት መናገሻ ከቦታ ወደ ቦታ ይዛወር ከነበረባቸው ዋነኛ ምክንያቶች አንዱ የእንጨት እጦት ነበረ። የንጉሡ ቤተ መንግሥት፣ የመኳንንቱ ግቢ፣ የሠራዊቱ ሰፈር በአንድ ቦታ ሲረጋ፣ ለእንጀራው መጋገሪያ፣ ለወጡ፣ ለጠላውና ለጠጁ፣ ለቤቱ ምሰሶና ማገር የሚያስፈልገው እንጨት በዙሪያው ያለውን ደን በጥቂት ዓመታት ይጨርሰዋል፤ ከዚያም ማገዶ ከሩቅ መምጣት ይጀምራል፣ ዋጋውም ይወደዳል፣ በመጨረሻም ከተማው ራሱ እንጨቱን ተከትሎ ይሄዳል። ዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ በጥቅምት ወር 1882 ዓ.ም. የንጉሠ ነገሥትነትን ዘውድ የጫኑት በእንጦጦ ማርያም ነበረ፤ እቴጌ ጣይቱ ከአንድ ፍል ውሃ አጠገብ በ1879 ዓ.ም. የቆረቆሯት አዲስ አበባም ከዓድዋ ድል በኋላ ሕዝቧ እየበዛ ሲሄድ፣ የእንጦጦና የአካባቢው ጥድ ተጨፍጭፎ ነበርና፣ ያው የቆየው ችግር እንደገና ደረሰባት።

በዚህ ምክንያት ንጉሠ ነገሥቱ በ1893 ዓ.ም. ገደማ በዙሪያዋ ብዙ ደን የነበራትን አዲስ ዓለምን ለአዲስ መናገሻነት መረጧት። በኮረብታው ላይ ቤተ መንግሥት ማሠራት ጀመሩ፤ ከአዲስ አበባ ወደዚያው የሚወስደውም መንገድ ተቀይሶ ተሠራ። ይህ መንገድ በአገራችን በዘመናዊ ሥርዐት ከተሠሩት የመጀመሪያዎቹ መንገዶች አንዱ ሲሆን፣ ዛሬ ወደ አምቦና ወደ ነቀምት የሚሄደው መንገደኛ የሚረግጠው መሥመር መነሻው ይህ ነው። የአርመን ተወላጁ ሰርኪስ ቴርዚያን ለመንገድ ሥራ ያስመጣው፣ በእንፋሎት ኃይል የሚንቀሳቀሰውና ሕዝቡ «የሰርኪስ ባቡር» ብሎ የሰየመው መኪናም የዚሁ ዘመን ነገር ነው።

ታዲያ ዋናው ከተማ ለምን ሳይዛወር ቀረ? በአዲስ አበባ ቤት የሠሩ መኳንንትና ነጋዴዎች፣ ይልቁንም የድንጋይ ሕንፃ ያሠሩ የውጭ መንግሥታት መልእክተኞች፣ ያን ሁሉ ትተው እንደገና ሊጀምሩ አልወደዱም፤ ወጪውም ከባድ ነበረ። ዋናው መፍትሔ ግን ከሩቅ አገር መጣ። በ1880ዎቹ መጨረሻ ገደማ ወደ አገራችን የገባው፣ የትውልድ አገሩ አውስትራሊያ የሆነው ባሕር ዛፍ፣ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ለምሰሶና ለማገዶ የሚደርስ፣ ሲቆረጥም ከጉቶው እንደገና የሚያቆጠቁጥ ዛፍ ስለሆነ፣ በአዲስ አበባ ዙሪያ በብዛት ሲተከል የማገዶው ጭንቀት እየቀለለ ሄደ። ባሕር ዛፍ መሬት ያደርቃል፣ ሌላ ተክል በሥሩ አያበቅልም ተብሎ በዘመናችን ቢወቀስም፣ ያን ጊዜ አንዲትን ከተማ ከመፈለስ ያዳነ መሆኑን መካድ አይቻልም።

በኮረብታው ላይ ለቤተ መንግሥት የተጀመረው ሕንፃ ግን ተትቶ አልፈረሰም። ንጉሠ ነገሥቱ ለእግዚአብሔር ቤት አደረጉት፤ ከአክሱም ጽዮን ስም ጋር የሚያያዘውን ስም ይዞ ደብረ ጽዮን ማርያም ተብሎ ተሰየመ። ምድራዊ ንጉሥ ሊቀመጥበት የታሰበው አዳራሽ ካህናት ማኅሌት የሚቆሙበት፣ ምእመናን ሥጋውንና ደሙን የሚቀበሉበት ሆነ ማለት ነው። ወደ ኮረብታው ወጥቶ በቅጽሩ ውስጥ ቆሞ ዙሪያውን የሚመለከት ሰው፣ ንጉሡ ይህን ቦታ ለምን እንደ መረጡት ማንም ሳይነግረው ይገባዋል፤ ሜዳው በሁሉም በኩል ተዘርግቶ ይታያል፣ የሚመጣው እንግዳም ሆነ ጠላት ከሩቅ ይለያል።

እዚህ ላይ የራሴን አስተያየት ብሰጥ ይፈቀድልኝ። ዋና ከተማ ሆና የቀረች ከተማ፣ በላይዋ ላይ ፎቅ በፎቅ ሲሠራባት የመጀመሪያ መልኳ ይጠፋል፤ የዐፄ ምኒልክን አዲስ አበባ በዛሬዪቱ አዲስ አበባ ውስጥ ለማግኘት ብዙ መድከምን ይጠይቃል። ዋና ከተማ ሳትሆን የቀረችው አዲስ ዓለም ግን ቆማ ጠብቃናለች። ኮረብታው፣ መንገዱ፣ ደብሩ፣ ገበያው እንደ ጥንቱ በየቦታቸው ስለሆኑ፣ አንድ መናገሻ እንዴት ይታቀድ እንደነበረ በእግራችን እየተራመድን ልንማረው እንችላለን። ስለዚህም ታሪክን ለልጆቹ ማሳየት የሚፈልግ ወላጅ ከትልልቆቹ ይልቅ በእንዲህ ያሉት ትንንሽ ከተሞች ቢጀምር እመርጣለሁ።

አሁን ወደ ደብሩ ዕቃ ቤት እንግባ። ነገሥታትና መኳንንት ለደብሩ ያበረከቷቸው ስጦታዎች በዚያ ይጠበቃሉ። የሚጎበኝ ሰው የቅዳሴን ሰዓት ጠብቆ፣ ጫማውን አውልቆ፣ ሴቶችም ነጠላቸውን ተከናንበው፣ ለማየት አስቀድመው ፈቃድ ጠይቀው፣ ለቤተ ክርስቲያኑም የሚገባውን ሰጥተው ቢገቡ መልካም ነው። ከሁሉ ይልቅ ግን የሚያስጎበኙትን አባት በትሕትና መጠየቅ ያስፈልጋል። «አባቴ፣ ይህንን ማን ሰጠው? በምን ምክንያት ሰጠው? በየትኛው በዓል ይወጣል?» ብላችሁ ጠይቁ። አባም ይህ ከእገሌ የመጣ ስእለት ነው፣ ይህ በኅዳር ጽዮን ይወጣል፣ ይህን የምናወጣው ለታላቅ እንግዳ ብቻ ነው እያሉ ሲመልሱ፣ ዝም ብሎ ቢታይ አንድ ጨርቅ ወይም አንድ ብረት ከመሆን የማያልፈው ነገር፣ ሰጪ፣ ምክንያትና የአገልግሎት ቀን ያለው ንዋየ ቅድሳት ሆኖ ይታያችኋል። እነዚህን ሦስት ጥያቄዎች አጥብቃችሁ ያዟቸው፤ በኋላ በሱቁ ውስጥ እንደገና እንፈልጋቸዋለንና።

ከጉዞው በኋላ በሌላ ቀን፣ በአዲስ አበባ ከዋናው ፖስታ ቤት አካባቢ በቸርችል ጎዳና ዳር ወዳሉት የስጦታ ዕቃና የቅርሳ ቅርስ መደብሮች ብትገቡ፣ ሁለት ዓይነት ዕቃ ተቀላቅሎ ታገኛላችሁ። አንደኛው ለስጦታ ተብሎ በቅርቡ የተሠራ ነው፤ ይህንን መግዛት ነውር የለበትም፣ እንዲያውም አንጥረኛውን፣ ሸማኔውንና ቀራጩን መደገፍ ነው። ሁለተኛው አሮጌ ነው፤ ወይም አሮጌ ነው ይባላል። አሮጌ ዕቃን ለሚወድ ሰው ደግሞ በመርካቶ ምናለሽ ተራ የሚባለው ስፍራ አለ፤ እዚያ ጥቀርሻ የጠጣ ፋኖስ፣ የከሰል ካውያ፣ ቁልፉ የጠፋ ጋን የሚያህል ሣጥን፣ እጀታዋ የተሰበረ የልብስ ስፌት መኪና ከብረታ ብረቱ ክምር መካከል ይገኛሉ። ብዙ ሰው ከእነዚህ ይልቅ መስቀሉንና ብራናውን ያከብራል፤ እኔ ግን የከሰል ካውያውንም እንድናከብረው እለምናለሁ፤ የአያቶቻችን የዘወትር ኑሮ በነገሥታት ስጦታ ሳይሆን በእንዲህ ያለው ዕቃ ውስጥ ነውና ያለው።

በሱቅ ዘወትር ከሚታየው ዕቃ አንዱን፣ ጠገራ ብርን፣ በእጃችን ይዘን እንመርምር። በአንድ ፊቱ የኦስትሪያ ንግሥት የማርያ ቴሬዛ መልክ፣ በሌላው ፊቱ ባለ ሁለት ራስ ንስር አለበት፤ በጠርዙም ላይ ፍትሕንና ምሕረትን የሚያነሣ የላቲን ጽሑፍ ተቀርጾበታል። ክብደቱ 28 ግራም ከጥቂት ሲሆን፣ ከዚያ ውስጥ 23 ግራም ከሩብ የሚበልጠው ጥሩ ብር ነው። አያቶቻችን ጠገራ ብር ሲቀበሉ በንግሥቲቱ ራስ ላይና በትከሻዋ ላይ ባለው ጌጥ የተደረደሩት ዕንቁዎች ጎልተው መታየታቸውን በአውራ ጣታቸው ዳስሰው ይመረምሩ ነበር፤ ዕንቁው የተሟጠጠውን ወይም የደበዘዘውን ብር ነጋዴው አልቀበልም ይል ነበርና። ይህ ገንዘብ ከቡና፣ ከቆዳና ከዝባድ ንግድ ጋር በቀይ ባሕር በኩል ወደ አገራችን ገብቶ፣ በገበያም ከአሞሌ ጨው ጋር እየተመነዘረ ይሠራበት ነበር፤ ምንዛሪውም ጨው ከሚወጣበት አገር በተራቀ መጠን ጨው እየተወደደ ስለሚሄድ በየገበያው የተለያየ ነበር።

ሻጩ ብሩን ገልብጦ፣ «ተመልከቱ፣ 1780 ይላል፤ ከሁለት መቶ ዓመት በላይ የቆየ ነው» ሊላችሁ ይችላል። የተጻፈው ዓመት እውነት ነው፤ ነገር ግን የብሩ ዕድሜ ምስክር አይደለም። ማርያ ቴሬዛ በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1780 ዓ.ም. ኅዳር ወር ካረፈች በኋላ፣ በስሟ ይመታ የነበረው ብር በእኛ አገርና በዐረብ አገሮች እጅግ ስለ ተወደደ፣ ገበያው ሌላ ዓመት የተጻፈበትን አልቀበልም እንዳይል ዘመኑ ሳይለወጥ ያው 1780 ተብሎ እየተጻፈ መመታቱ ቀጠለ። ኢጣልያ አገራችንን ለመውረር ስትዘጋጅ በ1927 ዓ.ም. የመምቻውን ቅርጽ ከኦስትሪያ ተቀብላ በሮም አስመታች፤ ከዚያም በለንደን፣ በፓሪስ፣ በብራስልስና በቦምቤይም ተመትቷል። ስለዚህ 1780 የሚል ብር በእጁ የያዘ ሰው፣ ከአያቱ አባት ዘመን ጀምሮ የዞረውንም፣ ለወረራው ስንቅ መግዣ ተብሎ የተመታውንም ይዞ ሊሆን ይችላል። በ1887 ዓ.ም. በፓሪስ የተመታው የዐፄ ምኒልክ ብር ደግሞ፣ ንጉሠ ነገሥቱ የአገራቸው ገንዘብ በራሳቸው መልክ እንዲሆን ፈልገው ያሠሩት ሲሆን፣ በክብደቱ ከጠገራው ጋር እንዲተካከል ተደርጎ ሳለ፣ ባላገሩ የለመደውን የንግሥቲቱን መልክ አልለቅም ብሎ ብዙ ዘመን አስቸግሯል። ጠገራው ከገበያ እየወጣ የሄደው በ1937 ዓ.ም. አዲሱ የኢትዮጵያ ገንዘብ ከወጣ በኋላ ነው። ያን ጊዜም ሆነ ከዚያ በፊት አንጥረኞች ጠገራውን እያቀለጡና እየቀጠቀጡ ለአንገት መስቀል፣ ለድሪ፣ ለአልቦና ለጉትቻ ስለ ተጠቀሙበት፣ የብዙ እናቶቻችን ጌጥ ትላንት የገበያ ገንዘብ የነበረ ብር ነው።

ከብር ይልቅ ጥንቃቄ የሚያሻው ብራና ነው። ነጠላ ቅጠል ብራና፣ መላእክትና ቅዱሳን በደማቅ ቀለም ተሥለውበት፣ በመስታወት ተለብጦ ሲሸጥ ብዙ ጊዜ ይታያል። ወደ ብርሃን ከፍ አድርጋችሁ ተመልከቱት። በሥዕሉ ሥር የፊደል ጥላ ከታያችሁ፣ በጠርዙም በወስፌ የተበሱ ትንንሽ የመሥመር ማስመሪያ ቀዳዳዎች ቢኖሩ፣ በአንደኛው ጎን ደግሞ የጥራዝ ስፌት ምልክት ካለበት፣ ያ ቅጠል ከአንድ መጽሐፍ ተቆርጦ የወጣ፣ ጽሑፉም ተፍቆ ወይም ተሸፍኖ ለገበያ ሲባል አዲስ ሥዕል የተሣለበት ነው። ጸሐፊው ከፍየል ወይም ከበግ ቆዳ ብራናውን ፍቆ፣ ጥቁሩን ቀለም በጥብጦ፣ የእግዚአብሔርን፣ የእመቤታችንንና የቅዱሳኑን ስም በቀይ እየለየ፣ ወራት ደክሞ የጻፈው መጽሐፍ በቢላዋ ተቆራርጦ ቅጠል በቅጠል ሲሸጥ፣ ጉዳቱ በሱቁ ውስጥ አይታይም፤ የሚታየው በሩቁ ደብር ነው። የዕለቱን ስንክሳር ሊያነብ መጽሐፉን የገለጠው ዲያቆን፣ የዚያ ቀን ቅዱስ ዜና ከጥራዙ ተቆርጦ ባዶ ስፌት ያገኛል። ከ1966 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ ከአገራችን ገዳማትና አድባራት በሺህ የሚቆጠሩ የብራና መጻሕፍት በማይክሮፊልም ተነሥተው፣ እንደ ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ ባሉ ሊቃውንት ድካም በዝርዝር መመዝገባቸው ትልቅ መከታ ሆኗል፤ መጽሐፉ ቢሰረቅ ፊልሙ የማን እንደ ነበረ ይመሰክራልና።

እዚህ ላይ በደብሩ የጠየቅናቸውን እነዚያን ሦስት ጥያቄዎች ለሱቁ በሚስማማ መልክ እናንሣ። ለሻጩ በጨዋ ደንብ፣ «ወንድሜ፣ ይህ መስቀል ከየት መጣ?» ብትሉት፣ «ከጎንደር ነው፣ ጥንታዊ ነው» ይላችኋል። ጎንደር ሰፊ አገር ነው፤ ከየትኛው ወረዳ፣ ከማን ቤት፣ የሸጠውስ ሰው እንዴት አገኘው ብላችሁ ቀጥሉ። ከአባቱ የወረሰውን የአንገት መስቀል በችግር ምክንያት የሸጠ ሰው ካለ፣ ሻጩ ብዙ ጊዜ ያንን ታሪክ ያውቃል፣ ሲናገርም አያፍርም። ካህን በእጁ ይዞ የሚባርክበት፣ በዓውደ ምሕረት የሚወጣ፣ ስመ ደብር የተቀረጸበት መስቀል፣ ጽና፣ ከበሮ ወይም ማኅደሩ ያልተለየው መጽሐፍ ከሆነ ግን፣ የቱንም ያህል ቢያምር፣ ዋጋውም የቱንም ያህል ቢረክስ፣ በክብር መልሳችሁ አስቀምጡት። አድራሻው ተቀድዶ የተጣለ ደብዳቤ ለማን እንደ ተጻፈ እንደማይታወቅ፣ ከደብሩ የተለየ ንዋይም የሚናገርለት ያጣል፤ ገዢውም ያገኘው ብረቱን ብቻ ነው።

የላሊበላን ታላቅ መስቀል፣ የአፍሮ አይገባን፣ ነገር አድማጮቻችን የምታስታውሱት ይመስለኛል። ይህ መስቀል በ1989 ዓ.ም. ከቤተ መድኃኔ ዓለም ተሰርቆ ሲጠፋ፣ የአገሩ ሰው አዘነ፣ ካህናቱም አለቀሱ። ከእጅ ወደ እጅ ሲሸጥ ሄዶ በቤልጅግ አገር በሚኖር በአንድ ሰብሳቢ እጅ ተገኘ፤ በ1993 ዓ.ም. ወደ ቦታው ሲመለስ የተደረገለት አቀባበል የንጉሥ አቀባበል ነበረ። ሌባው መስቀሉን የሰረቀው ለራሱ ሊሳለምበት አይደለም፤ የሚገዛው እንዳለ ስለሚያውቅ ነው። ከገዢዎቹ አንዱ እንኳ ከየት መጣ ብሎ ጠይቆ፣ መልሱን ሰምቶ እምቢ ቢል ኖሮ መንገዱ እዚያው ላይ በተቋረጠ ነበር። ቅርስን ወደ ውጭ አገር ማውጣትን በሚመለከት የአገራችን ሕግ፣ ከ1958 ዓ.ም. ጀምሮ በአዋጅ ሲደነገግ የኖረ ሲሆን፣ በ1992 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 209 ደግሞ ጥበቃውን፣ ምዝገባውንና ክልከላውን በዝርዝር ይዟል። በውጭ አገር የሚኖሩ ወገኖቻችን ለዕረፍት መጥተው ሲመለሱ፣ ለቤታቸው ማስጌጫ የገዙትን አሮጌ ዕቃ ከጉዟቸው በፊት ለሚመለከተው የቅርስ መሥሪያ ቤት አሳይተው ፈቃድ ቢይዙ፣ በአውሮፕላን ማረፊያ ከሚደርስባቸው መጉላላት ይድናሉ።

የሚገዛውን ለመለየት ዐይኑን ማሠልጠን የሚፈልግ ሰው ደግሞ፣ ከሱቁ በፊት ወደ ስድስት ኪሎ ይውጣ። በቀድሞው ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት የሚገኘው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ሙዚየም መስቀሎችን፣ የጸሎት ሥዕሎችን፣ የሙዚቃ መሣሪያዎችን፣ የየብሔረሰቡን የቤት ዕቃ ከነመጣበት አገር ለይቶ አስቀምጧል። የጎንደሩን የእጅ መስቀል ከላሊበላው፣ የሸዋውን ከትግራዩ አጠገብ ለአጠገብ አይቶ ቅርጹን በልቡ የያዘ ሰው፣ በሱቅ ውስጥ የሚነገረውን ሁሉ እንደ ወረደ አይቀበልም።

ከመሰናበታችን በፊት ስለ ገዛ ቤታችን ጥቂት እንናገር፤ ከሁሉ የሚበልጠው የቅርስ ቤት የአያት ሣጥን ነውና። እማማ ወይም አባባ በሕይወት ሳሉ፣ በሣጥኑ ውስጥ ያለውን አንድ በአንድ እያወጣችሁ ጠይቋቸው። ይህን አልቦ ማን አሠራልሽ፣ በስንት ጠገራ ነው የተሠራው፣ አንጥረኛው የየት አገር ሰው ነበር፣ ይህን ጎራዴ ማን በየትኛው ዘመቻ ታጠቀው እያላችሁ፣ እነርሱ የተናገሩትን በተናገሩበት ቃል በወረቀት ጻፉት፤ ስማቸውን፣ የተናገሩበትንም ቀን ጨምሩበት። ብሩን በአመድና በሎሚ ፈትጎ ማንጻት በብዙ ቤት የተለመደ ነው፤ ነገር ግን አመዱ ቅርጹን ይበላዋል፣ ከዕንቁዎቹም ላይ ያለውን ለዘመናት የተጠራቀመ ጥቁረት ይወስደዋል፤ በለስላሳ ደረቅ ጨርቅ አቧራውን መጥረግ ይበቃል። ብራና ካላችሁ ከምድጃ ጢስና ከእርጥበት አርቁት፤ ቢጣበቅ በኃይል አትግለጡት፣ በፕላስቲክም አትጠቅልሉት፤ በንጹሕ ነጭ ሸማ ተጠቅልሎ አየር በሚያገኝ ሣጥን ይቀመጥ። የጻፋችሁትን ወረቀት በፖስታ አድርጋችሁ ከዕቃው ጋር በዚያው ሣጥን አኑሩት፣ ሌላ ቅጅም በሌላ ዘመድ ቤት ይቀመጥ።